«ነን ካፌ ገባ!»

ባነሩ ላይ «ገንዘብን በአግባቡ የመምራት ክህሎት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ አራት ዓርማ፣ ከዓርማዎቹ ሥር ቀን። ቀኑ ተሳስቶ ታትሞ ኖሮ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት በእስክሪብቶ ተስተካክሏል። ባነሩን ሁለተኛ ላለማሳተም የተደረገ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አዘጋጆቹ ሲቆጥቡ ያየሁት ያንን ብቻ ነበር።

ጊዜው ግንቦት 2014 ነው። አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ይቆየን፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ስለ ገንዘብ አያያዝ አንድ ቀን እንዳሠለጥንለት ጠራኝ። የጠቆመኝ እዚያ የሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። «ስንት ሰው እያለ ለምን እኔን?» ስለው «አካውንቲንግ አይደል እንዴ የተማርከው?» አለኝ። እሱም የተማረው አካውንቲንግ ነው። ከእሱ የተበደርኩትን ሳልመልስ ስንት ዓመት እንደቆየሁም ከማንም በላይ ያውቃል። ምናልባት ውሎ አበሉ ሲከፈለኝ እዚያው በር ላይ እቀበለዋለሁ ብሎ አስቦ ይሆናል።

የትራንስፖርቱን ወጪ «ሲመጡ ይወራረዳል» ስላሉኝ ከባለቤቴ ተበደርኩ። እሷም ለእቁብ ለይታ ካስቀመጠችው ላይ አንስታ «እስከ እሑድ ካልመለስክ ዳኛው የሚያፈጠው እኔ ላይ ነው» ብላ ሰጠችኝ። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በብድር ብር አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሰው እንዳይበደር ላስተምር እየሄድኩ ነው። መንገድ ላይ ስላይዶቼን እያየሁ አንዴም አላፈርኩም።

ስላይዶቹን፣ እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ፣ የወሰድኳቸው ከኢንተርኔት ነው። ከሁሉም የተማመንኩት «50፣ 30፣ 20» በሚባለው ነበር። ይህን የወጪ አከፋፈል በሰፊው ያስተዋወቀችው ኤልዛቤት ዋረን ናት፤ የሕግ ፕሮፌሰር የነበረች፣ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከልጇ ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ። እጅህ ከሚገባው ገንዘብ 50 በመቶው የግድ ለሆነ ነገር፣ 30ው ለሚያስደስትህ፣ 20ው ለቁጠባና ለዕዳ። ክብ ሥዕሉን ያቀለምኩት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ነበር፤ ሳላስበው ባንዲራ ሆኖልኝ ኖሮ አዳራሹ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ከመሃል አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እስኪ በኛ ብር ያስሉልን።»

የግቢ ኑሮ ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካፌ ገብቶ የሚበላ ተማሪ አለ፤ የካፌው ወጥ አልስማማ ብሎት የምግብ ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ የሚወስድም አለ። ሁለተኛው «ነን ካፌ» ይባላል። የሚቀበለው ገንዘብም ነን ካፌ ነው የሚባለው፤ ሰውየውና ብሩ በአንድ ስም ይጠራሉ። ለብዙ ዓመታት ሳይነቃነቅ የኖረው የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 15 ብር ነበር። በወር 450።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ግማሹ 225 ብር ነው፤ ለግድ ነገር። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ሰባት ብር ከሃምሳ ሳንቲም። ሻይ አለ፣ ዳቦው ያጠራጥራል። 30 በመቶው፣ ማለትም 135 ብር፣ ለሚያስደስት ነገር። 20 በመቶው፣ ማለትም 90 ብር፣ ለቁጠባ። ቾኩን አስቀምጬ ስዞር ያው ልጅ እንደቆመ ነው።

«ቲቸር፣ 30 ፐርሰንቱ ለሚያስደስተን ነው ያሉት አይደል?»

«አዎ።»

«እኛን የሚያስደስተን ምሳ ነው።»

አዳራሹ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር ኖሮ ማልቀስ ሊኖርብኝ ነበር። በስሌቱ መሠረት ቁርስና እራት ግዴታ ሆኑ፣ ምሳ መዝናኛ ሆነ። ሴናተሯ የቤት ብድርና መኪና ላለው ቤተሰብ የሠራችውን ልብስ፣ እኔ ሳልለካ አምጥቼ በሶ ለሚበጠብጥ ልጅ አለበስኩት።

ከዚያ ወደ ቁጠባው ስላይድ አመለጥኩ። እዚያ ደግሞ ባለመነጽር አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይጠብቀኛል። ልጁ በጣም ጨዋ ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚገድል። «ይቅርታ ቲቸር፤ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል፤ ከዚያ ወዲህ ያው 7 ነው። የዋጋ ንረቱ ደግሞ አሁን ከ30 በመቶ በላይ ነው። ዛሬ መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ያወጣል፤ ዛሬ በመቶ ብር የሚገዛው ዕቃ ግን ያኔ ከ130 ብር በላይ ይሆናል። እና ቁጠባ ማለት ቀስ ብሎ መደህየት ነው?»

«ቁጠባ ባህል ነው» አልኩት።

አሠልጣኝ መልስ ሲያጣ የሚሸሸግባት ቃል «ባህል» ናት። በሀገራችን ባህል የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ስንቱ ስብሰባ በጠዋቱ ይበተን ነበር! ልጁ አመስግኖኝ ተቀመጠ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ግን ዘጋው።

እነዚህ ልጆች ስለ ገንዘብ ምንም አልተነገራቸውም እንዳይባል፣ ፍሬሽማን እያሉ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል ኮርስ ወስደዋል። ቡድን ሠርተው ቢዝነስ ፕላን አቅርበዋል። አንደኛው ቡድን የአምስት ሚሊዮን ብር የወተት ማቀነባበሪያ አቅዶ «ኤ» እንዳገኘ ሰማሁ። ፕላኑን ያሳተሙበትን የፎቶኮፒ ቤት ሒሳብ እስከዚያ ቀን አልከፈሉም ነበር። የፋብሪካው ትርፍ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው የሚታየው፤ ባለ ፎቶኮፒው እስከዚያ ይታገሥ።

የሻይ ዕረፍት ሆነ። በየወንበሩ ላይ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ተቀምጦ ነበር፤ ተማሪው ለሻይና ለብስኩቱ ሲጋፋ ብዙው ውሃ ሳይከፈት ቀረ። ከኋላ ረድፍ አንዲት ጥቁር ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ፌስታል ይዛ ያልተከፈተውን እየለየች ትሰበስባለች። ቀረብ ብዬ «ለምንድነው?» አልኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር፤ አልደነገጠችም።

«ሦስቱን ዶርም እንጠጣዋለን። የቀረውን በር ላይ ያለው ሱቅ በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል።»

«ብሩስ?»

«የአንዷ ጓደኛችን የእቁብ ጎደሎ አለ፤ እሱን እንሞላበታለን።»

ስልጠናው ለእኔ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ የእቁብ ዳኛ ናት። ስምንት ሆነው አንድ ዶርም ውስጥ ይኖራሉ፤ ስምንቱም ነን ካፌ። በነፍስ ወከፍ 50 ብር በወር ይጥላሉ፤ እጣ የወጣላት 400 ብር ትወስዳለች። ቤቷ ችግር የደረሰባት ካለች ቀድማ ትወስዳለች፤ እንደ ትልልቆቹ እቁቦች መሆኑ ነው። ሁለት ደንቦቻቸውን ግን በትልልቆቹም አላየኋቸውም። አንደኛው፣ ዳኛዋ ገንዘቡን የምትሰበስበው ዶርም ውስጥ ሳይሆን ኤቲኤሙ አጠገብ ቆማ ነው። «ዶርም ከደረሰ በኋላ ያለቀ ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ደግሞ፣ እጣ የደረሳት ልጅ ብሩን በዚያው ቀን አትቀበልም። አንድ ሌሊት ዳኛዋ ጋር ያድራል።

«ለምን?»

«ብር ማደር አለበት ቲቸር። ያላደረ ብር ያሳብዳል።»

እኔ 46 ስላይድ ነበረኝ። አንዱም ላይ ይህ አልተጻፈም። ሁላችንም የምናስተምረው ጥቂት ገንዘብ እንዴት እንደሚብቃቃ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ጥቂት ገንዘብ ማብቃቃቱን ከእኛ የበለጠ ያውቃል። አሥር ብር የያዘ ተማሪ የገንዘብ ሚኒስትር ነው። ጉዱ የሚፈላው ገንዘቡ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ዱብ ያለ ቀን ነው። በዚያ ቀን ላይ የሚያሠለጥን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያንን ቀን ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ከአንዱ ብሎክ አንድ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ነን ካፌ ገባ!» ይላል። ጩኸቱ ከብሎክ ብሎክ እየተቀባበለ ሲሄድ የጦር አዋጅ ይመስላል። የታመመ ይነሳል። ላይብረሪ የነበረው ደብተሩን ጥሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ግቢው በር ላይ ያሉት ጁስ ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም፤ ትናንት ሰላም ብለኸው ያለፈህ ልጅ ዛሬ «ወንድሜ፣ ና ክትፎ ልጋብዝህ» ይላል። ሁለተኛው ሳምንት ፓስታ ነው፤ ግብዣ የለም፣ ሰላምታው ግን እንዳለ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ከቤት የመጣችው የእናት በሶ ከአልጋ ሥር ትወጣለች። በአራተኛው ሳምንት ነን ካፌው ቤተሰብ ሊጠይቅ የሄደ ጓደኛውን ሚል ካርድ ይዞ፣ ራሱን አጎንብሶ፣ «አልስማማኝም» ካለው ወጥ ሰልፍ ላይ ይገኛል። ወጡም በዚያ ሳምንት ይስማማዋል።

እኔ ራሴ የዚህ ሥርዓት ምሩቅ ነኝ። በሁለተኛ ዓመታችን ለክረምት ወደ ቤት የምንሄድበት ጊዜ ሲቃረብ የሁለት ወር ነን ካፌ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ገባልን። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ሦስት ሆነን ቦክስ ጊታር ገዛን። ከሦስታችን ጊታር የሚችል የለም። አንዳችንም ደግሞ ቀድሞ ጊታር የመግዛት ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየነው፣ ብሩ ኪሳችን ውስጥ ነበር፣ በቃ። ሁለት ሳምንት ከደነቆርን በኋላ ለዚያው ነጋዴ በግማሽ ዋጋ መልሰን ሸጥነው። ነጋዴው ሲቀበለን ምንም አልተገረመም፤ ግድግዳው ላይ ሚስማሩን እንኳ አልነቀለውም ነበር። ያ ጊታር ከእኛ በፊት ስንት ዶርም እንደዞረ፣ ከእኛም በኋላ ስንት ዶርም እንደሚዞር አስቡት። ሰውየው አንድ ጊታር እየሸጠ ልጅ አሳድጓል።

ወደ ዘመኑ ልመለስ። ከስልጠናዬ ጥቂት ቆይቶ፣ በ2014 ክረምት፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የሚባሉ አገልግሎቶችን ጀመረ። መላ ብድር ነው። እንደኪሴ ሒሳብህ ላይ ያለው ብር ለክፍያ ሲያንስህ የጎደለውን ይሞላልሃል። ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። ስሞቹን ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን አማርኛ ያውቃል፤ በተለይ ኪስ ባዶ ሲሆን ብቅ የሚለውን ነገር «እንደኪሴ» ማለት ትልቅ ቅኔ ነው። እኔ ካነጋገርኳቸው ተማሪዎች መላንና እንደኪሴን የማያውቅ አልገጠመኝም። ሳንዱቅን ስጠራ ግን ብዙዎቹ የአያታቸውን ሳጥን ነው የሚያስታውሱት።

በኛ ጊዜ ብድር ፊት ያይ ነበር። ግቢው በር ላይ ያለው ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነበረው፤ ስማችንን ስለማያውቅ «ቀጮ፣ ብሎክ 7፣ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ሻማ» እያለ ይጽፋል። ቀጮ እኔ ነኝ፤ ያኔ። «ክፈለኝ» ብሎን አያውቅም። ስናልፍ ብቻ ፈገግ ብሎ «ነን ካፌ ገባ እንዴ?» ይላል። ከዚያች ፈገግታ ለመሸሽ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በኋላ በር እየዞርኩ ነው ክፍል የገባሁት። ጫማዬ ያለቀው በዚያ ምክንያት ነው፤ የጫማው ዋጋ ከዕዳው ይበልጥ ነበር። ስልክ ግን ፈገግ አይልም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ብትጠይቀው «በዚህ ሰዓት ምን ልታደርግበት ነው?» የሚል አስተያየት አያይህም። ሲያበድርህ ፊት የለውም፤ መክፈያህ ሲደርስ ደግሞ መልእክቱ ኪስህ ውስጥ ነው፤ በኋላ በር ዞረህ አታመልጠውም።

እንግዲህ «ነን ካፌ ገባ!» የሚለው ጩኸት በሀገር ደረጃ የተሰማበት ሌሊት መጣ። መጋቢት 2016፣ ከአርብ ወደ ቅዳሜ፣ መጋቢት 7 አጥቢያ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በመናወጡ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካላቸው በላይ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ግቢ ሮጠ። ለፋይናል ፈተና በአላርም የማይነሳ ልጅ፣ ፒጃማውን እንደለበሰ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ኤቲኤም ሰልፍ ያዘ። ፖሊስ እየመጣ ሰልፉን የበተነባቸው ግቢዎች ነበሩ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው በዚያች ሌሊት ወጥቶ የሄደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ነው።

የሰው ብር መውሰድ መስረቅ መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ሰበብ አልፈልግላቸውም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የአካውንቲንግ ተማሪ ነበር፣ የባንኪንግ ተማሪ ነበር፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም ነበር። እያንዳንዱ ዝውውር በስሙ፣ በሒሳብ ቁጥሩና በሰዓቱ እንደሚመዘገብ ፈተና ላይ ቢጠየቁ ሁሉም ይመልሱታል። ቁም ነገሩ ፈተናው የመጣው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዶርም ሙሉ እየሮጠ ሳለ መሆኑ ነው። «ይህ ብር አንድ ሌሊት ይደር» የሚል ዳኛ በየኤቲኤሙ አጠገብ አልቆመም።

ሰኞ ሰልፉ በተቃራኒው ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎች የወሰዳችሁትን መልሱ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተናገሩ፤ ጥቂት ቆይቶም ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ግን ቅዳሜና እሑድን ያህል ዕድሜ የነበረው ብር ነው፤ በመካከሉ ጫማ የሆነ አለ፣ ስልክ የሆነ አለ፣ ለቤተሰብ የተላከም ይኖራል። እስኪ ያንን ስልክ አስቡት። «አባዬ፣ ትንሽ ብር ላክልኝ።» «ለምግብ ነው ልጄ?» «አይ፣ ለባንክ ነው።»

ካሠለጠንኳቸው ልጆች ውስጥ በዚያች ሌሊት ማን የት እንደነበረ አልጠየቅኩም። የኔ ስልጠና ሰርተፍኬት በዶርማቸው ግድግዳ ላይ ይሆናል፤ ማፈሩን ለሰርተፍኬቱ ተውኩት።

ስለ ቤቲንግ ቤቶች ብዙ አልልም፤ በየግቢው አጥር ሥር የተኮለኮሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኪራዩን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ባለቤቶቹ ያውቁታል። የ2016ቱን ክረምት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዚያ ክረምት ሀገር ምድሩ ስልኩን በጣቱ ይመታ ነበር። ቴሌግራም ላይ በጨዋታ መልክ የመጣች አንዲት ሃምስተር ነበረች፤ በመታሃት ቁጥር ሳንቲም ትሰጥሃለች፤ ሳንቲሟ አንድ ቀን ዶላር ትሆናለች ተብሎ ነበር። ታክሲ ውስጥ መምታት፣ ለቅሶ ቤት መምታት፣ የሌላውን ስልክ ተቀብሎ መምታት። አንድ ዘመዴ፣ ተመራቂ (ጂሲ) ተማሪ፣ ሁለት ስልክ ይዞ በሁለት እጁ ሲመታ ክራር የሚደረድር ነበር የሚመስለው። «በመስከረም ሱፍ እገዛበታለሁ» አለኝ።

ሳንቲሙ ለገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው፤ የደመራ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ። የአንዱ ዋጋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ሆኖ አረፈው። እዚህ መስቀል አደባባይ ደመራ ሲለኮስ፣ እዚያ የክረምቱ ድካም ነደደ። ዘመዴ ሁለቱን ስልክ ደምሮ ያገኘው ሱፉን ለማስተኮስ ይበቃ ነበር፤ ሱፉ ቢኖር።

አሁን የቀረኝ አንድ ያላወራረድኩት ነገር አለ። በስልጠናው መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ካለ» ስል ያቺ የእቁብ ዳኛ ተነሥታ ነበር። ያነሣችው ስለ ኮስት ሼሪንግ ነው፤ ይህ ዕዳ ሁላችንም ላይ አለ፤ ከ1996 ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ሲፈርም ኖሯል። ተማሪው ፍሬሽ ሆኖ ሲገባ ከሚፈርማቸው ብዙ ወረቀቶች አንዱ ስለሆነ ከሎከር ቁልፍ መረከቢያው አይለየውም። ያ እየጮህን የምንቀበለው ነን ካፌም ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ልጅቷ ይህን ለአዳራሹ አስረዳች፤ ግማሹ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ እርስዎ ከፍለው ጨረሱ?» አለችኝ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን» አልኩ። አልተመለስንም፤ ሰርተፍኬት መስጠት ተጀመረ።

ልጅቷ በ2016 ተመረቀች። ባለፈው ዓመት ሥራ እንደያዘች ደወለችልኝ። ስምንቱ የዶርም ልጆች እቁቡን አላፈረሱትም፤ አሁን በየከተማው ተበትነው በስልክ ነው የሚጥሉት፤ ብሩም እስካሁን አንድ ሌሊት ያድራል። የዚያ ወር እጣ ለእሷ ደርሷት ኮስት ሼሪንጓን አንድ ላይ ልትዘጋ ነበር። የደወለችው አካሄዱን ልትጠይቀኝ ነበር። «ቲቸር፣ እርስዎ ሲከፍሉ መጀመሪያ የት ቢሮ ነው የሄዱት?»

መሥሪያ ቤቴ ከደመወዜ ቆርጦ አያውቅም፤ እኔም አላስታወስኩትም። ያለብኝ ዕዳ ከአሥር ሺህ ብር ትንሽ ከፍ ይላል። በተመረቅኩ ጊዜ የአንድ ዓመት ደመወዜን ሊውጥ ምንም አይቀረው፤ ዛሬ የአንድ ጥሩ ጫማና የሱሪ ዋጋ ነው። ያ ባለመነጽር ልጅ ግሽበት ቆጣቢውን ይበላዋል ሲለኝ ባለ ዕዳውን ግን እንደሚያበላው አልነገርኩትም። እንዲህም ሆኖ አልከፈልኩም።

«መልሼ ልደውልልሽ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለው የአሠልጣኝነት የምስክር ወረቀቴ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪዬ ዕዳው እስኪከፈል፣ እስከ ዛሬ ሬጅስትራር ነው ያለው።